ሰይዲና ዑመር በረሃቡ ዘመን

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ ቀጥሎ፥ አንባቢ ሆይ፥ የምነግርህ የሁለተኛውን ኸሊፋ የሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረዲየላሁ ዐንሁ) ታሪክ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በኃይላቸውና በፍርዳቸው ነው። እኔ ግን ስለ እዝነታቸው፥ ይልቁንም ለእንስሳና ለሰው የነበራቸውን ርኅራኄ በምን ሚዛን ይመዝኑት እንደ ነበር እነግርሃለሁ።

ሰይዲና ዑመር በመካ ከቁረይሽ ነገድ ተወለዱ። በልጅነታቸው የአባታቸውን ግመሎች ይጠብቁ ነበር፤ አባታቸውም ጨካኝ ስለ ነበር ሥራው ሲጓደል ይመቷቸው ነበር። በ13 ዓመተ ሂጅራ (በ634 እ.ኤ.አ.) ሰይዲና አቡበክር ሲያርፉ ኸሊፋ ሆኑ። በዘመናቸው ሻም፥ ዒራቅና ግብጽ በእጃቸው ገቡ፤ እርሳቸው ግን የተጣፈ ልብስ ለብሰው ይሄዱ ነበር።

የድሮው እረኛ ግመሎቹን አልረሱም። በይቱል ማል የገቡትን የዘካ ግመሎች በፀሐይ ሐሩር ቆመው በእጃቸው ያክሙ ነበር። በግመል ጀርባ ላይ ቁስል ሲያዩ አላህ ስለዚህ ቁስል እንዳይጠይቃቸው ይፈሩ ነበር። ግመሉን ከዐቅሙ በላይ የጫነውንም ሰው ቀጥተውታል። አንድ ቀን ዓሣ አማራቸውና አገልጋያቸው በግመል ሩቅ መንገድ ሄዶ አመጣላቸው። እርሳቸው ግን ከዓሣው በፊት ግመሉን ተመለከቱ፤ ከጆሮው ሥር ላብ ባዩ ጊዜ ስለ እርሳቸው ምኞት እንስሳ መሠቃየቱን ተረድተው ዓሣውን ሳይቀምሱት ቀሩ ተብሎ ይተረካል።

አንባቢ ሆይ፥ እስከዚህ ድረስ ሰምተህ እኒህ ሰው ለእንስሳ እንዴት ያዝናሉ ብለህ ትደነቅ ይሆናል። እዝነታቸው የተፈተነው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

በ18 ዓመተ ሂጅራ (በ639 እ.ኤ.አ.) በሒጃዝ ዝናም ጠፋ። ምድሪቱ ከመድረቋ የተነሣ ነፋሱ አፈሩን እንደ አመድ ይበትነው ስለ ነበር ዘመኑ የአመድ ዓመት ተባለ። የገጠሩ ሕዝብ ከብቱ አልቆበት ወደ መዲና ጐረፈ። ሰይዲና ዑመር በሻምና በዒራቅ ወዳሉት ሹማምንት ደብዳቤ ጽፈው እህልና ዘይት በግመል አስጫኑ። በየቀኑ ግመል እየታረደ በትልልቅ ድስት ይቀቀል ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ሰዕድ እንዳሰፈረው፥ ማታ ማታ ከማዕዱ የሚበሉት ሲቈጠሩ በሺሕ የሚቈጠሩ ሆኑ፤ መምጣት ለማይችሉት በሽተኞችና ሕፃናትም ምግቡ ካሉበት ይላክላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ሥጋና ቅቤ እንዳይቀምሱ ማሉ፤ ዳቦ በዘይት እየበሉ መልካቸው ጠቈረ። በዚያ ዓመት ርቦት በሰረቀ ሰው ላይ እጅ የመቍረጥን ቅጣት አልፈጸሙም፤ የዘካውንም መሰብሰብ ለሚቀጥለው ዓመት አዘገዩት።

በዚያው ወራት በአንድ እንስሳ ተቀምጠው ሲሄዱ ከፋንድያው ውስጥ ገብስ አዩ። ወገኖቻቸው በረሃብ እየከሱ ሲሞቱ የእርሳቸው መጓጓዣ ገብስ መብላቱ አስደነገጣቸው፤ ሕዝቡ ነፍስ እስኪዘራም ድረስ እንዳይጋልቡት ማሉ። አስተውል፤ ይህ ሰው ስለ ግመል ላብ ዓሣውን የተዉት ናቸው። እንስሳውን አልጠሉትም፥ አልመቱትምም። ነገር ግን ገብሱ አንድ እፍኝ ሲሆንና ሕፃን ሲያለቅስ፥ እፍኙ የማን እንደ ሆነ ዐወቁ።

ነጻ የወጣው አገልጋያቸው አስለም እንደ ተረከው፥ አንድ ሌሊት ከከተማ ውጭ የተራቡ ልጆችዋን ባዶ ድስት ጥዳ የምታባብል ሴት አገኙ። ከበይቱል ማል ዱቄትና ስብ በትከሻቸው ተሸክመው አመጡ። አስለም ልሸከምልዎ ቢላቸው፥ በትንሣኤ ቀን ሸክማቸውን የሚሸከምላቸው እንደሌለ ነግረው እንቢ አሉ። እሳቱንም ጎንበስ ብለው ሲያነዱ ጢሱ በጢማቸው መካከል ይወጣ ነበር።

በ23 ዓመተ ሂጅራ (በ644 እ.ኤ.አ.) በሱብሒ ሰላት ላይ በስለት ተወግተው ሞቱ። በሞት አልጋ ላይ ሆነው ለሚተካቸው ኸሊፋ ከተናዘዙት አንዱ፥ በእስልምና ጥበቃ ሥር የሚኖሩት የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ከዐቅማቸው በላይ እንዳይጫኑ ነው። ለግመል የጠበቁትን ሕግ ለሰው አብልጠው ጠበቁት።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ለእንስሳ ማዘን ግዴታ ነው። ነቢያችን ድመት አሥራ በረሃብ የገደለች ሴት እሳት እንደ ገባች፥ የተጠማ ውሻ ያጠጣም ሰው ምሕረት እንዳገኘ አስተምረውናል። ነገር ግን ለእንስሳ ማዘን ቀላል ነው፤ እንስሳ አይከስህም፥ ብድር አይጠይቅህም፥ ነገ ደጅህን አይመታም። ድኻ ግን ስም አለው፥ መብትም አለው፤ ስለዚህ ፊታችንን ከእርሱ ማዞር ይቀናናል። ለቆሰለ በቅሎ አዝነህ ሸቀጥህን የሚያወርደውን ተሸካሚ ደመወዝ የምታዘገይ ብትሆን፥ ለወፍ ጥሬ በትነህ በረሃብ ዘመን እህል ዋጋው እስኪወጣ የምትደብቅ ብትሆን፥ እዝነትህ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። ከእንስሳው አትቀንስ፤ ለሰው ጨምር። ዛሬ ማታ መጋዘንህን ሳትዘጋ በሠፈርህ ድስቷ ባዶ የሆነች ማን እንደ ሆነች ጠይቅ።

አላህ ልባችንን ያራራልን። አሚን።