የእንዶዱ ሰው አክሊሉ ለማ፣ ፎገራ እና በስልካችን ያለው የሕክምና ቤተ መጻሕፍት

እንዶድን የማያውቅ የፎገራ ሰው አለ? ሳሙና እንደልብ ባልነበረበት ዘመን አያቶቻችን ጋቢና ኩታ የሚያጥቡት በእሱ ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ ይህንኑ እንዶድ ይዘው ዓለምን ስላነጋገሩ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ነው፤ ስለ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ የሚጠራው በስማቸው ነው። ታሪኩ መጨረሻ ላይ ወደ ወረታና ወደ እጃችሁ ስልክ ይመጣል፤ ሳትጨርሱ አትሂዱ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜው 1964 ነው። አክሊሉ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ጨርሰው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ናቸው። የሚያጠኑት ቢልሃርዚያን ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትል መጀመሪያ የሚያድገው ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ ነው። ከዚያ ይወጣና የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚያርመውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። እያደር አንጀትና ጉበት ይጎዳል።

አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲዞሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ይታያሉ። ከፍ ብሎ ያሉት ግን ምንም አልሆኑም። አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰበሰቡና አንዷን አጣቢ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በቃ፣ ግኝቱ የተጀመረው እዚያች ወንዝ ዳር ነው።

እንዶድ ስንት ዘመን በስንት ወንዝ ዳር ሲታሸት ኖሯል። የአክሊሉ ልዩነት አይተው አለማለፋቸው ነው፤ ለኩ፣ ፈተኑ፣ ከዚያም ጻፉ። የመጀመሪያው ሪፖርታቸው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። በ1970 ደግሞ ሰፊው ጥናታቸው በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታተመ። አሜሪካ ያሉ ኬሚስቶች ከእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳዩን ንጥረ ነገር ሲለዩት ለማቶክሲን አሉት፤ በአክሊሉ ለማ ስም መሆኑ ነው።

ቀጥሎ አድዋ ላይ ለዓመታት የዘለቀ ሙከራ ተደረገ። እንዶድ በወንዞቹ ላይ ሲጨመር ቆይቶ በትናንሽ ልጆች ላይ የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። የእርሻ ባለሙያው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ አልምተውና አወዳድረው ኃይለኞቹን መረጡ። ከነሱ አንዱ ዓይነት 44 የሚባለው ነው።

ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ ትልልቆቹ ተቋማት ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ነው ያዩት። የደኅንነት ምርመራው በቂ አይደለም፣ ደረጃው በተረጋገጠ ላብራቶሪ ይደገም ተባለ። ለዚያ ገንዘብ ማግኘት ራሱ ዓመታት ፈጀ። እስከዚያው ድረስ ደሃ አገሮች የፋብሪካ ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ግዙ ነበር የሚባሉት። በ1989 አክሊሉና ለገሰ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በ1990 አክሊሉ የክብር ዲግሪ ሊቀበሉ አሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ያኔ አካባቢው ዜብራ መስል በሚባል ባለ ዛጎል የውኃ እንስሳ ተቸግሯል፤ የውኃ ቱቦዎችን ይደፍናል። እንዶድ ሲሞከር ሠራ። የፈጠራ መብቱ ግን በዩኒቨርሲቲው እጅ ሆነ፤ የእውቀቱ ባለቤት ማነው የሚለው ክርክርም ተነሳ። የተጻፈና የተመዘገበ ነገር ባለቤት አለው። ወንዝ ዳር የቀረ እውቀት ግን ጠያቂም የለው።

አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 አረፉ።

አሁን አንድ ግጥምጥሞሽ እንንገራችሁ። አክሊሉ አድዋ ላይ በነበሩበት በዚያው በ1964 የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የዓለምን የሕክምና ጽሑፎች በኮምፒውተር መመዝገብ ጀመረ። ግን ያን ጊዜ ፍለጋ በስልክ የሚነካ ነገር አልነበረም፤ ጥያቄ ይላካል፣ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፣ መልሱ ይጠበቃል። ይህ መዝገብ ፐብሜድ በሚል ስም ለማንም ሰው በነፃ የተከፈተው በሰኔ 1997 ነው። አክሊሉ ካረፉ ሦስት ወር ሳይሞላ!

ይህ ለፎገራ ምኑ ነው? ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ገበሬው ሩዝ የሚያርመው እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ነው። ጣና ዙሪያ ባሉ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቢልሃርዚያ ዛሬም እንዳለ ያሳያሉ። ሌላም አለ። በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር ገብቶ ሰው ጨርሷል። በሽታው እስኪታወቅ ድረስ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር የመሰለው፤ ካላዛር የቆላ በሽታ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ እዚህ ማን ይጠረጥራል? የካላዛር ዘመድ የሆነውን የቆዳ በሽታ ቁንጭርን አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ አጥንተው ጽፈውበታል። ጤና ጣቢያ የተቀመጠ ባለሙያ የሌላው አካባቢ ልምድ በጊዜ ሲደርሰው የሚተርፍ ሰው አለ።

ስለዚህ የጤና ተማሪዎች፣ ነርሶች፣ ላብራቶሪዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ፐብሜድ ላይ ዝም ብሎ መፈለግ ይቻላል፤ ግን ገጹን ስትዘጉ ፍለጋችሁም አብሮ ይጠፋል። የግል አካውንት ካላችሁ ግን ይቀመጥላችኋል። ማይ ኤን ሲ ቢ አይ ይባላል፣ ነፃ ነው፣ በጉግል አካውንታችሁ ትገባላችሁ። ፈልጋችሁ ስትጨርሱ ክሪኤት አለርት የሚለውን ንኩ። በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ብላችሁ ምረጡ። አዲስ ጥናት ሲወጣ በኢሜይል ይመጣላችኋል። የወደዳችሁትን ጽሑፍ ደግሞ ኮሌክሽን ውስጥ አስቀምጡ።

የኛ ነገር ደግሞ ትንሽ ብልሃት ይፈልጋል። መዝገቡ የሚያውቀው የፈረንጅ አሰያየምን ነው፤ አክሊሉን በአክሊሉ ብትፈልጉ አታገኟቸውም። ለማ ብላችሁ፣ ቀጥላችሁ የአክሊሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ብዙ ለማዎች ከመጡባችሁ እንዶድ የሚለውን ጨምሩበት። ወረታም በእንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አላት፤ ሁለቱንም በኦር አያይዙና ፎገራን ጨምሩ። ይህን ረጅም ፍለጋ አንዴ ጽፋችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ እንደገና መጻፍ የለም። ፍሪ ፉል ቴክስት የሚለውን ስትመርጡ ደግሞ ሙሉው በነፃ የሚነበበው ብቻ ይቀርላችኋል፤ ጊዜም የኢንተርኔት ዳታም ይቆጥባል።

አንድ ማሳሰቢያ። ይህን አንብቦ እንዶድ ቀቅሎ የሚጠጣ እንዳይኖር! እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን ነው፤ ለታመመ ሰው ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ። እንዶድ ዓሣም ስለሚገድል በግምት ርብ ውስጥ የሚጨመር ነገር አይደለም። አክሊሉ ለማ ሲለኩና ሲፈትኑ ዕድሜያቸውን የፈጁትም ለዚህ ነው።

ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ደብረ ታቦር ያላችሁ፣ ጤና የሚማር ወይም ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ይህን አድርሱት። ምናልባት የሚቀጥለውን የፎገራ ጥናት የሚጽፈው እሱ ይሆናል።