የእንዶድን ምስጢር የገለጡት ዶክተር አክሊሉ ለማ

እንዶድ ለዘመናት በኢትዮጵያ የልብስ ማጠቢያ ሆኖ ያገለገለ ተክል ነው። ይኸው ተክል የብልሃርዝያ በሽታን ለመከላከል እንደሚውል ለዓለም ያሳወቁት ኢትዮጵያዊው የሳይንስ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

እ.ኤ.አ በ1935 የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ፣ እ.ኤ.አ በ1964 ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። በዚያው ዓመት በአድዋ ስለ ብልሃርዝያ ጥናት ሲያካሂዱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ።

የብልሃርዝያ ተውሳክ በሰው ቆዳ ዘልቆ ከመግባቱ በፊት የዕድገቱን ከፊል ጊዜ የሚያሳልፈው በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። በመሆኑም ቀንድ አውጣው ሲጠፋ የበሽታው መተላለፊያ ይቋረጣል። ዶክተር አክሊሉ ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገባውን ኬሚካል ሕዝቡ ራሱ በሚያበቅለው ተክል መተካት እንደሚቻል ተገነዘቡ።

እ.ኤ.አ በ1966 በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው ምርምሩ በአገር ውስጥ እንዲካሄድ አደረጉ። እ.ኤ.አ ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው ሙከራ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብለዋል። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስም ከፍተኛ ምርት የሚሰጠውን ቁጥር 44 የእንዶድ ዝርያ መርጠዋል።

ይሁንና ግኝቱ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። የእንዶድ የመርዛማነት ደረጃ ዓለም አቀፍ መስፈርት በሚያሟሉ ቤተ ሙከራዎች እንዲረጋገጥ በመጠየቁ ሥራው ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። ሁለቱ ምሁራን አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ በ1989፣ ከግኝቱ 25 ዓመታት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ ደግሞ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለዛጎል እንስሳትን እንደሚገድል ተረጋገጠ። የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ አጠቃቀም ላይ የፓተንት መብት ማግኘቱ፣ የተክሉና የነባሩ ዕውቀት ባለቤት የሆነው ሕዝብ ድርሻ ምን ሊሆን ይገባል የሚል ክርክር አስነስቷል። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትንና የኅብረተሰብ ዕውቀትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ1998 ዓ.ም ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ያገለገሉት ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

የሥራቸው ትምህርት ለመስኖ አካባቢዎች ይበልጥ ያገለግላል። በጋሞ ዞን እንደ ምዕራብ ዓባያ ባሉ፣ ሙዝ በመስኖ በሚለማባቸው ወረዳዎች ቦይ በተዘረጋ ቁጥር ለቀንድ አውጣ መራቢያ የሚመች ውኃም ሊስፋፋ ይችላል። በመሆኑም የመስኖና የጤና መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን በጋራ ማውጣታቸው፣ የነዋሪውንም ነባር ዕውቀት ማድመጣቸው ተገቢ ነው።