ካሬል ቻፔክ፤ ሮቦትን ለዓለም ያስተዋወቀ ደራሲ

ዛሬ ሮቦት የሚለውን ስም የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። በፋብሪካ አውቶሞቢል የሚገጣጥመው የብረት ክንድ ሮቦት ይባላል፤ ሲጠይቁት የሚመልሰው፣ ሲያዙት ድርሰት የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አእምሮም ከዚሁ ወገን ይቈጠራል። ስሙ ግን የተገኘው ከመሐንዲስ ሳይሆን ከአንድ ደራሲ ቤት ነው።

ካሬል ቻፔክ በ1890 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በቦሔሚያ፣ ዛሬ ቼክ ሪፑብሊክ በምትባለው አገር፣ ከሐኪም አባት ተወለደ። በፕራግ ፍልስፍና ተምሮ በ1915 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ገና በወጣትነቱ የአከርካሪ በሽታ ስለ ያዘው ለአንደኛው የዓለም ጦርነት አልተመለመለም፤ አንገቱን እንደ ልቡ ማዞር ተስኖት በምርኩዝ እየተደገፈ ኖረ። ይህም ሆኖ ከመጻፍም አትክልቱን ከመኰትኰትም አልቦዘነም።

በ1920 ስለ ሰው ሠራሽ ሠራተኞች አንድ ቴአትር ደረሰ። ለእነርሱ የሚሆን ስም ግን ቸገረው፤ መጀመሪያ ያሰበው ስም የመጽሐፍ ሽታ በዛበትና አልጣመውም። ታላቅ ወንድሙን ሠዓሊውን ዮሴፍን ቢያማክረው፣ እርሱ ብሩሹን በአፉ እንደ ነከሰ ሮቦት ብሎ እንዲጠራቸው መከረው። ሮቦታ በቼክ ቋንቋ ገባር ለጌታው ያለ ዋጋ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው፤ በእኛም አገር ገባሩ የጌታውን ሁዳድ ያርስ እንደ ነበረው ማለት ነው። ይህ ሥርዓት በቦሔሚያ የቀረው ካሬል ከመወለዱ 42 ዓመት በፊት በ1848 ነበርና፣ የአገሩ ተመልካች ቃሉን ሲሰማ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

በቴአትሩ ውስጥ በአንድ ደሴት ላይ የቆመ ፋብሪካ ሮቦቶችን እየሠራ ለዓለም ይሸጣል። ሮቦቶቹ ሥጋ ከሚመስል ነገር የተቀመሙ፣ መልካቸውም የሰው ነው። (ኋላ ሰዎች የብረት አሻንጉሊት ቢያደርጓቸው ቻፔክ በ1935 በጋዜጣ ተቃውሞውን ጽፏል።) የፋብሪካው አለቃ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐሳቡ እህልና ልብስ እንዲረክስ፣ የሰው ልጅም ከድካም እንዲያርፍ ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሠራተኛው እንጀራውን ያጣል፤ መንግሥታት ሮቦቶችን አስታጥቀው ያዋጓቸዋል፤ ሥራ የፈታው ሰውም መውለዱን ይተዋል። በመጨረሻ ሮቦቶቹ ተነሥተው ሰውን ሲፈጁ፣ አልክዊስት የሚባል አንድ የግንባታ ሹም ብቻ ይተርፋል። የማሩትም እንደ እነርሱ በእጁ የሚሠራ ስለ ሆነ ነው። የቤት ሥራቸውን ለሰው ሠራሽ አእምሮ አስጽፈው የሚያስረክቡ ጓደኞቻችን ይህን ቦታ ቢያነቡት ደግ ነበር።

ቴአትሩ በጥር 1921 በፕራግ ታየ፤ በ1922 ኒው ዮርክ፣ በ1923 ሎንዶን ደረሰ። ስሙም በየአገሩ ቋንቋ ገባ፤ ወደ አማርኛም ሳይለወጥ መጣ።

ቻፔክ በ1936 ናዚዎችን የሚነቅፍ ልብ ወለድ አሳተመ። በ1938 ጀርመን የአገሩን መሬት ቈርሳ ስትወስድ ወደ ውጭ እንዲሸሽ ቢመከርም እምቢ አለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 25 ቀን በሳንባ ምች በ48 ዓመቱ ዐረፈ። በመጋቢት 1939 ጀርመኖች ፕራግን ሲይዙ የናዚ ምሥጢራዊ ፖሊሶች ሊያስሩት እቤቱ መጡ፤ ባለቤቱ ኦልጋም ከሞተ ወራት እንዳለፉት ነገረቻቸው። ስሙን ያወጣው ዮሴፍ ግን በዚያው ዓመት ታሰረ፤ ከአንዱ የእስረኞች ሰፈር ወደ ሌላው ሲጋዝ ኖሮ በ1945 በቤርገን ቤልሰን ሞተ። መቃብሩም አልተገኘም።