ጄምስ ዋትና አልሠራ ያለችው ሞዴል

ለክፍል ትምህርት ተብሎ ብዙ የተደከመበት የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ ልክ ተማሪ ፊት ሲቀርብ አልሠራ ብሎ እንደሚያሳፍር ዕጩ መምህራን ሁሉ የምናውቀው ነው። በዚህ እትም የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ የምናቀርብላችሁ ሰው ስሙ በዓለም ሊገን የቻለው እንዲህ ባለች አንዲት እምቢተኛ ሞዴል ምክንያት ነው። ሰውየው ጄምስ ዋት ይባላል። አምፖል ላይ 40 ዋት፣ 60 ዋት ተብሎ የሚጻፈው የእሱ ስም ነው። አብዛኛው ሰው የእንፋሎት ሞተር ፈልሳፊ አድርጎ ያውቀዋል፤ ይህ እንኳ ትክክል አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን ሞተሩን ለሥራ ያበቃው በ1712 ሲሆን ዋት የተወለደው ከ24 ዓመት በኋላ ነው። የዋት ሥራ የተሠራውን ሞተር ከብክነት ማዳን ነበር።

ዋት በጥር 1736 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግሪኖክ በምትባል የስኮትላንድ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ መርከብ ሠሪና ነጋዴ ሲሆን፣ ንግዱ በባሪያ ጉልበት ከሚመረተው የባሕር ማዶ ሸቀጥ ጋር የተያያዘ እንደነበረም ሳንናገር አናልፍም። ልጁ በሽታ የማይለየው፣ ራስ ምታት የሚያሠቃየው ስለነበረ ትምህርት ቤት በወጉ አልተመላለሰም፤ ብዙውን የተማረው እቤቱ ነው። በአባቱ ወርክሾፕ ውስጥ ግን የራሱ መሣሪያዎች ተሰጥተውት እጁን አፍታታ።

በ1755 የሳይንስ መሣሪያዎች አሠራር ለመማር ለንደን ሄደ። ደንቡ ሰባት ዓመት ሲሆን እሱ በአንድ ዓመት ጨርሶ ተመለሰ። ግላስጎው ላይ ሱቅ ልክፈት ቢል የከተማው ብረት ሠራተኞች ማኅበር ደንቡን አላሟላህም ብሎ ከለከለው ይባላል። እንግዲህ በዚህ ጊዜ የደረሰለት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1757 በግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥቶ የዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ሠሪ አደረገው። ክፍሏም ቀስ በቀስ የመምህራንና የተማሪዎች መሰብሰቢያ ሆነች። ስለ ሙቀት የሚመራመረው መምህር ጆሴፍ ብላክ ከማይጠፉት አንዱ ነበር። ዲግሪ የሌለው የእጅ ባለሙያ ከምሁር ጋር እኩል ተቀምጦ ሲከራከር አስቡት!

በ1763 የፊዚክስ መምህሩ ጆን አንደርሰን ለክፍል ማሳያ የሚሆን አንድ የኒውኮመን ሞተር ሞዴል እንዲጠግን ሰጠው። ሞዴሏ ለጥገና ለንደን ድረስ ተልካ ነበር። ዋት የጎደለውን አሟልቶ እሳት ቢያነድባት ጥቂት ጊዜ ትነቃነቅና ቀጥ! እንፋሎቷ ያልቃል። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ጠግኛለሁ ብሎ ዋጋውን ተቀብሎ በሄደ ነበር። ዋት ግን ለምን አለ።

ለመሆኑ የኒውኮመን ሞተር እንዴት ይሠራል? እንፋሎት ሲሊንደሩን ይሞላዋል፤ ቀጥሎ ውስጡ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል። እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ሲመለስ ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር ከላይ ያለው የአየር ግፊት ፒስተኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ለሚቀጥለው ምት ግን የቀዘቀዘው ሲሊንደር እንደገና መጋል አለበት። አንድ እንጀራ ባወጡ ቁጥር ምጣዱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እየደፉ እንደገና እንደ ማንደድ ያህል ነው፤ ማገዶው አይተርፍም።

ታዲያ ትልቁ ሞተር እየሠራ ትንሿ ሞዴል ለምን አቃታት? ይህን ሒሳብ ዕጩ መምህራን ልብ ብትሉት ለክፍልም ይጠቅማችኋል። የአንድ ዕቃ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በእጥፍ ቢያድግ የገጹ ስፋት 4 እጥፍ፣ ይዘቱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ዕቃው ባነሰ ቁጥር ከይዘቱ አንፃር ገጹ ይበዛል፤ ሙቀት የሚያመልጠው ደግሞ በገጹ በኩል ነው። ስለዚህ በትልቁ ሞተር ውስጥ ተደብቆ የኖረው ብክነት በትንሿ ላይ ገሃድ ወጣ።

ዋት መገመት አልበቃውም፤ መለካት ጀመረ። ሙቀት ቶሎ የማያስተላልፍ ነው ብሎ ሲሊንደሩን ከእንጨት ሠርቶ ሞከረ፤ እንጨቱ እንፋሎቱን አልቻለውም። ወደ እንፋሎት የተለወጠ ውሃ የክብደቱን ስድስት እጥፍ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ እንደሚችል ሲደርስበት ግራ ገብቶት ብላክን ጠየቀ። ብላክ ነገሩን ቀደም ብሎ ያውቀው ነበርና፣ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በቴርሞሜትር የማይታይ ብዙ ሙቀት ይዞ እንደሚሄድ አስረዳው። ዋት በመጨረሻ የደረሰበት ድምዳሜ አስደንጋጭ ነው፦ ከሚነደው እንፋሎት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሲሊንደሩን መልሶ ለማሞቅ ብቻ ይባክናል።

መፍትሔው የመጣለት በ1765 በአንድ እሑድ ቀን በግላስጎው መስክ ላይ ሲንሸራሸር ነው። ማቀዝቀዣው ለምን ለብቻው አይሆንም? ሲሊንደሩ ሁልጊዜ እንደጋለ ይቆይ፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደ ሌላ ቀዝቃዛ ዕቃ ሄዶ እዚያ ውሃ ይሁን። የመጀመሪያውን ሙከራ የሠራው ከአንድ ትልቅ የሐኪም የነሐስ ሲሪንጅ ነው። ከዚህ የበለጠ በአካባቢ ከተገኘ ዕቃ የተሠራ መርጃ መሣሪያ ከየት ይመጣል?

ከሲሪንጅ ወደ ፋብሪካ ያለው መንገድ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ይህን ክፍል ብዙ መጻሕፍት በጥድፊያ ያልፉታል፤ እኛ ግን ዋናው ፈተና እዚህ ላይ ነው እንላለን። ፓተንቱ በ1769 ቢገኝም እንፋሎት የማያሾልክ ትልቅ ሲሊንደር ሊሠራ የሚችል ሰው አልነበረም። ዋት ቤተሰቡን ለማኖር ቦይ የሚቆፈርበትን መሬት እየቀየሰ በብርድና በዝናብ ተንከራተተ። በ1773 ገንዘብ ያወጣለት የነበረው ጆን ሮባክ ከሰረ፤ በዚያው ዓመት ሚስቱ ማርጋሬት በወሊድ ሞተች። በዓመቱ ወደ በርሚንግሃም ሄደና በ1775 ከባለ ፋብሪካው ማቲው ቦልተን ጋር ሽርክና ገባ። የሲሊንደሩን ችግር የፈታው ጆን ዊልኪንሰን ነው። መድፍ ለመቦርቦር የሠራውን ዘዴ አሻሽሎ ለሲሊንደር አዋለው፤ በ1776 የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ሥራ ጀመሩ።

ክፍያው ደግሞ ለብቻው የሚወሳ ነው። ኮርንዎል በተባለው አገር መዳብና ቆርቆሮ ሲኖር የድንጋይ ከሰል የለም፤ በመርከብ ይመጣል። ቦልተንና ዋት በዋነኛነት የሚያስከፍሉት ሞተሩ ከኒውኮመኑ ጋር ሲነጻጸር ካዳነው የከሰል ዋጋ ሲሶውን ነው። ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደመታ የሚቆጥር፣ በቁልፍ የተዘጋ መቁጠሪያ ይገጠምበት ነበር። ማዕድን አውጪዎቹ በመጀመሪያ ደስ አላቸው፤ እያደር ግን ክፍያው መረራቸው።

ዋት እንከን የለውም አንልም። ፓርላማው ፓተንቱን እስከ 1800 ስላራዘመለት ጆናታን ሆርንብሎወርን የመሳሰሉ ሌሎች ፈልሳፊዎች የተሻለ ነገር ይዘው ሲመጡ በዚሁ ፓተንት መንገዳቸው ተዘጋ። ከፍተኛ ግፊት ያለውን እንፋሎትም አደገኛ ነው ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም አይባልም፤ ቦይለር ሲፈነዳ ሰው ይፈጃል።

ሌላም ጉድ አለ። የዋት ሞተር ለአንድ ሥራ የሚፈጀው ከሰል ከቀድሞው ሲሶ ያህል ሆኖ ሳለ የእንግሊዝ የከሰል ፍጆታ ከመቀነስ ይልቅ እየናረ ሄደ። ሞተሩ ርካሽ ሲሆን የጨርቅ ፋብሪካውም፣ ወፍጮውም፣ ብረት ማቅለጫውም ተከለው። ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አሳይቷል። ዛሬ ሀብት የማያባክን ንድፍና አመራረት የሚያጠኑ መሐንዲሶች የሚከራከሩበት አንዱ ጥያቄ ይኸው ነው፦ አንዱን ዕቃ ቆጣቢ ማድረግ ብቻውን አገሩን ቆጣቢ ያደርገዋል ወይ?

ዋት ከ1800 በኋላ ከንግዱ ወጥቶ እቤቱ ጣሪያ ሥር ባለችው ወርክሾፕ ሐውልት የሚገለብጥ ማሽን ሲሠራ ኖሮ ነሐሴ 1819 በ83 ዓመቱ ሞተ። በ1882 የኃይል መለኪያ በስሙ ተጠራ፤ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ነው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የኢንጂኔሪንግ ትምህርት ቤትም ዛሬ ስሙን ይዟል። ወርክሾፑ ከነመሣሪያው በ1924 ተነቅሎ ለንደን ሳይንስ ሙዚየም ገባ። ያቺ አልሠራ ያለችው ሞዴል ግን ከዩኒቨርሲቲዋ አልራቀችም፤ እዚያው ግላስጎው፣ በሃንቴሪያን ሙዚየም ትገኛለች።