ከሰማይ የመጣውን እሽሽታ መጀመሪያ የሰማው ሰው

ክረምት ላይ ከሚሴ ውስጥ የአባቶቻችንን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? መብረቅ በበረቀ ቁጥር ጣቢያው ይንጫጫል። ዛሬ የምናወራለት ካርል ጃንስኪ ደሞዝ የሚከፈለው ይሄንኑ ጫጫታ እንዲያጠና ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1905 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ተወለደ። ፊዚክስ ተምሮ በ1928 ቤል ላብራቶሪ ተቀጠረ። ኩላሊቱን ያመው ነበር። ስራው ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚደረገውን የሬዲዮ ስልክ ምን እንደሚረብሸው መፈለግ ነው። ለዚህ ብሎ ኒው ጀርሲ ሜዳ ላይ በፎርድ መኪና ጎማዎች የሚሽከረከር ትልቅ አንቴና ሰራ። አንዴ ለመዞር 20 ደቂቃ ይፈጅበታል።

የቅርቡንና የሩቁን መብረቅ ለየ። ሦስተኛው ድምጽ ግን ግራ አጋባው፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ እሽሽታ። መጀመሪያ ፀሐይን ጠረጠረ። ወራት ሲያልፉ ግን ድምጹ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣል። የሚመላለሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው፤ ይሄ ደግሞ የከዋክብት እንጂ የፀሐይ ሰዓት አይደለም። ምንጩ ወደ ፍኖተ ሐሊብ መሀል ሆኖ ተገኘ። በ1933 ጋዜጦች ጻፉለት።

ከዚያስ? ነገሩን ሊከተለው ፈልጎ ነበር፤ መስሪያ ቤቱ ሌላ ስራ ሰጠው። ጊዜው ኢኮኖሚ የደቀቀበት ነው፤ ለስልክ ጥሪ የማይጠቅም እሽሽታ ላይ ማን ብር ያወጣል? እኛን ግን ያንገበግበናል። በ1950፣ ገና በ44 ዓመቱ አረፈ።

13 ዓመት ቆይቶ፣ በሬዲዮ ቦታዋ የታወቀችው 3ሲ 273 ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ እንደምትርቅ ማርተን ሽሚት ደረሰበት። ኳሳር ናት፤ ማለትም ዙሪያውን እየዋጠ የሚያበራ ግዙፍ ብላክ ሆል። አንዳንድ ኳሳሮች በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ጄት ይረጫሉ፤ ፍጥነቱ ለብርሃን ሊደርስ ትንሽ የቀረው።

በከሚሴ የሚያልፈውን የደሴ መንገድ ማታ አስቡት። አይሱዙ ፊት ለፊት ሲመጣባችሁ ከመብራቱ በቀር ምንም አይታያችሁም። ዳር ቆማችሁ ሲያልፍ ግን መኪናውንም፣ ብርሃኑ የት ድረስ እንደተዘረጋም ታያላችሁ። ጄትም እንደዚያው ነው። ወደኛ ካነጣጠረ መሀሉ ብቻ ደምቆ ይወጣል፤ ጎኑን ከሰጠን በሬዲዮ ግራና ቀኝ ሁለት ደመና ይታያል። ስለዚህ ሰማይ ላይ ለየቅል የሚመስሉ ነገሮች አንዳንዴ የምናይበት ማዕዘን ተለይቶ እንጂ ያው አንድ ዓይነት ናቸው።

የዚህ ሁሉ የሬዲዮ ድምቀት መለኪያ ከ1973 ጀምሮ ጃንስኪ ይባላል። ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ያሉት 27 ሳህኖችም ከ2012 ጀምሮ በስሙ ይጠራሉ፤ ዛሬም የኳሳር ጄቶችን ያያሉ።