ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴና የደምበጉና ታንኮች

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና በፈረቃ ከሚሠሩት ወጣቶቻችን መካከል የውትድርና አገልግሎታቸውን በታንክ ክፍል የፈጸሙ አሉ። ስለ መርካቫ ከእነርሱ የበለጠ ሊነግረን የሚችል የለም። ነገር ግን አያቶቻቸው ከሽሬ፣ ከጸለምት ወይም ከወልቃይት የመጡ ልጆች ሳይቀሩ አንድ ታሪክ እንዳልሰሙ በሥራዬ አጋጣሚ ታዝቤያለሁ። ይኸውም የጦር ታንኮች በጎራዴ፣ በድንጋይና በአሮጌ ጠመንጃ የተሸነፉበት ውጊያ በዚያው በአያቶቻቸው አገር፣ በተከዜ ዳር መደረጉ ነው። የዚያን ጦር አዛዥ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት ባጭሩ ማቅረብ የፈለግሁትም ስለዚህ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እምሩ በኅዳር 1892 በሐረርጌ፣ ጉርሱም ተወለዱ። የተፈሪ መኮንን፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ የቅርብ ዘመድ ሲሆኑ በወራት ብቻ ነው የሚያንሷቸው። ሁለቱ በሐረር በልዑል ራስ መኮንን ቤት አብረው አደጉ፤ በአዲስ አበባም በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አብረው ተማሩ። ይህ ወዳጅነት እስከ እርጅና ዘለቀ። እምሩ ግን በቤተ መንግሥት አካባቢ ከነበሩት መኳንንት በአንድ ነገር ይለዩ ነበር፤ ሀብት አያጓጓቸውም። ከርስታቸው ለጭሰኞች በማካፈላቸውና በአስተሳሰባቸው ምክንያት በኋላ ዘመን ቀዩ ራስ ተባሉ።

ሐረርንና ወሎን ካስተዳደሩ በኋላ፣ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1932 ከሥልጣን ሲነሱ የጎጃም ገዥ ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ ቀላል አልነበረም። ጎጃም ከገዛ ተወላጁ ቤት ውጪ ሌላ ገዥ መቀበል ያልለመደ አገር ነበር። በ1935 ጣሊያን ጦርነቱን ሲጀምር እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሰሜን ዘመቱ። መንገዱ በእግርና በበቅሎ የሳምንታት ጉዞ ነው። ገና ሳይደርሱም ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከድተው ሰዎቻቸውን ይዘው ወደ ጎጃም ተመለሱ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ ጦሩ ዳባት ላይ በአውሮፕላን ተደበደበ። ያም ሆኖ እምሩ ከቀረው ሠራዊት ጋር ተከዜ ደረሱ።

እዚህ ላይ ስለ ታንክ ጥቂት ማለት ግድ ነው፤ አለበለዚያ የደምበጉና ነገር አይገባንም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታላላቅ መንግሥታት ታንክን በየብስ ላይ እንደሚሄድ የጦር መርከብ ያስቡት ነበር። እንግሊዞች በ1926 ኢንዲፔንደንት የተባለ፣ አምስት የሚሽከረከሩ ማማዎች ያሉት ከባድ ታንክ ሠሩ፤ ከአንዱም በላይ አልሠሩም። ሶቪየቶች በበኩላቸው ቲ-35 የተባለ ባለ አምስት ማማ ታንክ፣ አሥር ያህል ሰው የሚጭን፣ ስልሳ ያህል ሠሩ። ፈረንሳይ ሰባ ቶን ገደማ የሚመዝኑ ባለ ሁለት ማማ ታንኮች ነበሯት። ሐሳቡ ጠላት በየትም በኩል እንዳይጠጋ በሁሉም አቅጣጫ መተኮስ ነበር። በተግባር ግን አንድ አዛዥ አምስት ማማ በአንድ ጊዜ ማዘዝ አይችልም፤ ክብደቱም ሞተሩን ይገድለዋል። በ1941 ጀርመን ሶቪየትን ሲወጋ ከቲ-35ቶች ብዙዎቹ ተበላሽተው በየመንገዱ ቀሩ።

ጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሦስት ቶን ያህል የምትመዝን፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከፍታዋ የሰው ደረት የማያልፍ ትንሽ ታንክ ነበረች። ማማ የሚባል ነገር የላትም። መትረየሷ ፊት ለፊት የተተከለ ስለሆነ ከጠባብ አቅጣጫ ውጪ ለመተኮስ መላ አካሏን ማዞር ይኖርባታል። በሜዳ ላይ ፈጣን ናት። ከኋላ የመጣባትን ሰው ግን አታይም፣ አትመታም።

ታኅሣሥ 15 ቀን 1935 ሊነጋ ሲል የራስ እምሩ ግንባር ቀደም ጦር፣ ሁለት ሺህ ያህል ሰው በፊታውራሪ ሽፈራው መሪነት፣ ተከዜን በማይ ጥምቀት በኩል ተሻገረ። በስፍራው የነበረው የጣሊያን አዛዥ ሻለቃ ክሪኒቲ አንድ ሺህ ያህል ኤርትራውያን ወታደሮችና ዘጠኝ ታንኮች ነበሩት። ወደ ደምበጉና መተላለፊያ ሲያፈገፍግ ኢትዮጵያውያኑ ቀድመው ከፍታውን ይዘው ጠበቁት። ታንኮቹም መንገድ ሊከፍቱ ወደ ፊት ወጡ።

ቦታው ድንጋያማና ገደላማ ነው። በመጀመሪያ የመትረየሱ እሳት ሰዉን አስደነገጠው፤ ታንክ አይቶ የማያውቅ ገበሬ መሆኑን አንርሳ። ወዲያው ግን መሣሪያው ወደ ኋላ መዞር እንደማይችል ታወቀ። ሰዎቹ ከጀርባ እየሮጡ ወጡባቸው። አንድ ተዋጊ ታንኩ ላይ ዘሎ ጣራውን አንኳክቶ እንዲከፍቱ ከጮኸ በኋላ የከፈተውን ወታደር በጎራዴ እንደቆረጠው ይተረካል። ዝርዝሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ታንኮቹ መጥፋታቸው ግን የጣሊያን ታሪክ ጸሐፊዎችም የሚቀበሉት ነው። አንዳንዱ በድንጋይ መሐል ተሰንቅሮ ቀረ፣ አንዳንዱ ተገለበጠ፣ የተቃጠለም አለ። የክሪኒቲ ጦር ግማሽ ያህሉን አጣ። ስለ ድሉ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነገር አለ፤ በጣሊያን በኩል ከሞቱት አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ።

የእምሩ ጦር ወደ እንዳ ሥላሴ ገፋ፤ አክሱምም ሩቅ አልነበረችም። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ይህን ግስጋሴ በታንክ ሳይሆን በመርዝ ጋዝ መለሰው። ታኅሣሥ 23 ቀን አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ ሲወድቁ የሚፈነዱ ሳይሆን ተሰብረው ፈሳሽ የሚረጩ ነገሮችን ጣሉ። እምሩ ኋላ እንደመሰከሩት ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች ፊታቸው፣ እጃቸውና እግራቸው አበጠ፣ ቆዳቸው ተላጠ፤ ከወንዙ የጠጡም ሞቱ። አዛዦቹ ለወታደሮቹ ምን ብለው እንደሚመክሩ አላወቁም ነበር። ጎራዴ በታንክ ላይ ሠራ፤ በዚህ ላይ ግን የሚሠራ ነገር በእጃቸው አልነበረም።

በየካቲት መጨረሻ 1936 ጣሊያኖች በሽሬ ትልቅ ጦር አሰለፉ። እምሩ ጥይታቸው እስኪያልቅ ለቀናት ተዋግተው በመጋቢት መጀመሪያ ተከዜን ተሻግረው ወደ ኋላ ተመለሱ። በመሻገሪያው ላይ ከአየር የወረደው እሳትና መርዝ በውጊያው ከሞተው የማያንስ ሰው ፈጀ። የቀረውም ጦር ወደ ጎጃም ሲመለስ ተበተነ።

ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት ሲሰደዱ እምሩን እንደራሴ አድርገው ሾሟቸው። መቀመጫቸው በምዕራብ፣ ጎሬ ሆነ። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት በወጡ ወጣቶች የተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ከእርሳቸው ጋር ተባበረ፤ ወደ አዲስ አበባ ለመዝመት ቢሞክሩም አልቀናቸውም። በታኅሣሥ 1936 በጎጀብ ወንዝ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከገቡት ወጣት መኮንኖች በርካቶቹ በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ተረሸኑ። እምሩ ወደ ጣሊያን ተወሰዱና በእስር ከቆዩባቸው ስፍራዎች አንዱ የፖንዛ ደሴት ነበር። በ1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ እርሱም ወደ ፖንዛ ተወሰደ፤ ያሳረፉትም እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው።

በዚያው ዓመት አገራቸው የገቡት ራስ እምሩ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ፣ በህንድና በሶቪየት ኅብረት ኢትዮጵያን ወከሉ። በታኅሣሥ 1960 መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ስማቸውን በሬዲዮ አወጁ፤ ሙከራው ከሸፈ፣ ንጉሠ ነገሥቱም የልጅነት ወዳጃቸውን አልቀጡም። ልጃቸው ልጅ ሚካኤል በ1974 ለአጭር ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ሴት ልጃቸው ወይዘሮ ዮዲትም በአምባሳደርነት አገልግለዋል።

ራስ እምሩ በነሐሴ 1980 አረፉ። መሳፍንትን ያሳድድ የነበረው ደርግ በክብር ቀበራቸው። ካየሁት ከማስታውሰው የተባለው ትዝታቸው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ልጆቻችን የሚያሽከረክሩት መርካቫ ያለው አንድ ማማ ነው፤ እርሱም ዙሪያውን ይዞራል።