ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የመጀመሪያው ሸክላ

የዘፈን ሸክላ ታሪካችን የሚጀምረው ከአዝማሪ ሳይሆን፣ የመኪና ሙያ ይማሩ ዘንድ ወደ ጀርመን አገር ከተላኩ የቤተ መንግሥት ሰው ነው። የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ያገለግሉ ነበር። አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባ ማግሥት፣ በ1900 ዓ.ም፣ ወደ በርሊን ተላኩ፤ እዚያም መሲንቆአቸውን እየመቱ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ።

አዝማሪነት በዚያ ዘመን የሚናቅ ሙያ ነበርና፣ ይህ ለአንድ የግቢ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም። ደግሞስ ለማን ሊዘፍኑ? ብልባላ ላይ በሠርግ ቤት የሚዘፍን ባለመሲንቆ ግጥሙን ከታዳሚው ይቀበላል፤ ሲሸለም ያስረዝማል፣ ሲሰለች ያሳጥራል፣ ሲነጋም ዘፈኑ ከሰዉ ጋር ይበተናል። በርሊን ላይ ግን ቅኔውን ፈትቶ የሚስቅ የለም። ያለው መለከት የመሰለ ድምፅ መቀበያ ነው፤ የሸክላውም አንድ ገጽ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይችልም። ነጋድራስ ሰምና ወርቃቸውን ለዚህ ቆርቆሮ አፈሰሱለት። እኛ ከድምፃቸው ይልቅ ይህን ድፍረታቸውን እናደንቃለን።

ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ ባለሟል ሆኑ፤ ኢያሱም በ1909 ዓ.ም ከሥልጣን ወረዱ። (የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የእርሳቸው ልጅ መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?)

እነዚያ ሸክላዎች ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011 እ.ኤ.አ.፣ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ 27ኛ ቁጥር ላይ እንደገና ታትመዋል። ጭረቱ ብዙ ነው፤ ቃሉን ለመለየት ደጋግሞ መስማት ያሻል።